ቆማ እንዳታረጅ

በግቢያችሁ ውስጥ ከሳምንት ሳምንት የማትንቀሳቀስ መኪና አለች? የቤንዚኑ ወጪ ሲከብዳችሁ በሰርቪስ መመላለስ የመረጣችሁ፣ ውጭ አገር ያለ ወንድማችሁ «ስመጣ እነዳታለሁ» ብሎ አደራ የሰጣችሁ፣ የትዳር አጋራችሁ ካረፉ በኋላ ቁልፏን መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጣችሁ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። «ካልተነዳች አታልቅም» የሚለው አነጋገር በየቤቱ አለ። እኔም በልጅነቴ ከጎረቤት እስከ ዘመድ ስሰማው ነው ያደግሁት። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። መኪና እንደ ወርቅ በሣጥን ተቆልፋ የምትቆይ ንብረት አይደለችም። ከላም ጋር ባመሳስላት ይቀርበኛል። ቆማም ትበላለች፣ ካልታለበችም ትታመማለች።

የእኛ ቤት ላም ቮልስ ናት። የ1972 ሞዴል፣ 1300፣ ድሮ ሰማያዊ የነበረች፣ አሁን ቀለሟን ለመጥራት የምቸገርባት። አባቴ በ1971 ዓ.ም. ከሥራ ባልደረባው ነው የገዛት። ስለ ቮልስ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስተዋወቅ ያስቃል። ዘመናዊ መኪና የማይለይ ሰው እንኳ እሷን ከሩቅ ያውቃታል፤ ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የወጡትም በቮልስ ነበር። የመጨረሻዋ ከፋብሪካ የወጣችው ሜክሲኮ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ የለም፤ ያሉት ብቻ ናቸው ያሉት።

አባቴ በ2009 ዓ.ም. አረፈ። ቮልሷ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ባለው ግቢ፣ ከቆርቆሮ ጥላው ሥር እንደቆመች ቀረች። እናቴ መንዳት አትችልም። እኔ ለሥራ የምሄደው በመሥሪያ ቤቴ ሰርቪስ ነው፤ ወንድሜ አሜሪካ ነው። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ወደ እናቴ ቤት የምሄደው እናቴንም መኪናዋንም ልጠይቅ ነው።

ከአባቴ የወረስኩት ሌላ ነገር አለ፤ ባለ 50 ቅጠል ደብተር። ዘይት በተቀየረ፣ ጎማ በተነፋ፣ ካንዴላ በተጠረገ ቁጥር ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ይጽፍበት ነበር። በዚያው ደብተር ላይ ከእሱ ጽሑፍ ቀጥዬ እየጻፍኩ ነው። ሌላው የምላችሁ ሁሉ ቢረሳችሁ፣ ይህችን ደብተር አትርሷት። ለቆመች መኪና ማስታወሻ ከምትነዳው መኪና ይልቅ ያስፈልጋታል። ኪሎ ሜትሯ ስለማይቆጥር «ባለፈው መቼ ነበር?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ወረቀቱ ብቻ ነው።

ከባትሪው እንጀምር፤ መጀመሪያ የሚሞተው እሱ ነውና። ባትሪ ምንም ሳይሠራበት እንኳ በራሱ ጊዜ ቀስ እያለ ይወርዳል። በአዳዲሶቹ መኪኖች ደግሞ አላርሙ፣ ሰዓቱና ኮምፒውተሩ ሌሊትና ቀን ከእሱ ይጠጣሉ። ርካሽ ቴስተር ገዝታችሁ ቤት አስቀምጡ። መኪናዋ ለጥቂት ሰዓታት ካረፈች በኋላ ስትለኩት 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው። ከ12.4 ሲወርድ መሞላት ይፈልጋል። 12 ቮልት ገደማ ከደረሰ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል፤ በዚያ ሁኔታ ለሳምንታት ከቆየ ውስጡ ይጎዳና ከዚያ በኋላ ቢሞላም አይይዝም። ብዙ ሰው «ባትሪው ጥራት የለውም» ብሎ ሻጩን የሚወቅሰው እንዲህ ያለውን ባትሪ ይዞ ነው።

ከወር በላይ የማትነዷት ከሆነ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፍቱት። አንድ ቁልፍና ሁለት ደቂቃ ነው የሚወስደው። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚፈታው ኔጌቲቩ ነው፤ ሲመለስም መጨረሻ የሚታሰረው እሱ ነው። አዳዲስ መኪኖች ላይ ግን የሬዲዮ ኮድና አንዳንድ ቅንብር ሊጠፋ ስለሚችል አስቀድማችሁ ኤሌክትሪሻኑን ጠይቁ። ቮልስ ያላችሁ ደግሞ የኋላ ወንበሩን አንሱና ባትሪው ላይ ክዳኑ መኖሩን እዩ። ክዳኑ ከሌለ፣ ወፈር ያለ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ጫፎች ይነካና እሳት ያስነሳል። ይህ ተረት እንዳይመስላችሁ፤ በቮልስ ላይ የታወቀ አደጋ ነው።

አሁን ደግሞ ወደምጠላው ልማድ ልምጣ። በየሳምንቱ ግቢ ውስጥ አስነስቶ አምስት ደቂቃ ማስጮህና ማጥፋት። ጠባቂውም፣ የአጎት ልጅም፣ አከራይም ይህን ያደርጋል፤ ለመኪናዋ የዋለላትም ይመስለዋል። ሞተሪኖው ለማስነሳት ከባትሪው የወሰደውን ኃይል፣ ዲናሞው በአምስት ደቂቃ በቀስታ እየዞረ አይመልሰውም። ዘይቱም በቅጡ አይሞቅም። ሞተር ሲነሳ ውስጡ እርጥበት ይፈጠራል፤ እርጥበቱ ተንኖ የሚወጣው ዘይቱ በደንብ ሲሞቅ ነው። ካልሞቀ እርጥበቱ እዚያው ይቀርና ዘይቱን ያበላሻል፣ ብረቱንም ያዝጋል። መንገድ ላይ ካልወጣች ብታስነሷት ባታስነሷት ያው ነው፤ እንዲያውም አለማስነሳቱ ይሻላል።

በዚህ ላይ ጋራዡ ዝግ ከሆነ ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ከመኪና ጭስ ውስጥ ያለው፣ የማይታየውና የማይሸተው ጋዝ፣ በክረምት ከሰል ክፍል ውስጥ አስገብተው የተኙ ሰዎችን ከሚገድለው ጋር አንድ ነው። በር ከፍታችሁ፣ መኪናዋን ወደ ውጭ አውጥታችሁ አስነሱ። ልጆች ያላችሁ እናቶችና አባቶች ደግሞ አንድ ነገር ጨምሩልኝ። የቆመች መኪና ለልጆች የጨዋታ ቤት ትመስላለች፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ተቆልፋ፣ ቁልፏ ከእነሱ ርቆ ይቀመጥ። ፀሐይ ላይ ያለች ዝግ መኪና ውስጧ ለመጋል ብዙ ደቂቃ አይፈጅባትም።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ከሰዓት፣ መንገዱ ሲቀልል፣ ከፈረንሳይ ወደ ስድስት ኪሎ፣ ከዚያ ወደ አራት ኪሎ፣ ከዚያ መገናኛ ድረስ ደርሼ እመለሳለሁ። ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ግማሽ ሰዓት ያለማቋረጥ መነዳት ለባትሪውም ለዘይቱም ለፍሬኑም ይበቃል።

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከጎኔ ትቀመጣለች። ቤት ውስጥ ስለ አባቴ ብዙ አታወራም። ፎቶውን ትወለውላለች፣ ዝክሩን ታዘጋጃለች፣ ስሙን ግን እምብዛም አትጠራም። መኪናዋ ውስጥ ግን፣ ገና ከፈረንሳይ ቁልቁለት ሳንወርድ ትጀምራለች። «አንቺን ከሆስፒታል ይዘንሽ የመጣነው በዚህች ነው። አባትሽ እስከ ቤት ድረስ ከሁለተኛ ማርሽ አላወጣትም። ልጄ ትነቃለች ብሎ!» ትለኛለች። ይህን ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ በ45 ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምሰማው ይመጣል። አባቴ አንድ ሌሊት በዚህች ቮልስ ምጥ የያዛትን ጎረቤታችንን ሲያደርስ፣ ሴትየዋ መንገድ ላይ ልትወልድ ደርሳ እንደነበር የሰማሁት ባለፈው ዓመት፣ አራት ኪሎ መብራት ላይ ቆመን ነው።

ወደ ቤንዚኑ ልመለስ። ቤንዚን ይበላሻል። ቀለል ያለው ክፍሉ እየተነነ ይሄድና ከጥቂት ወራት በኋላ የሚቀረው ቶሎ የማይነድ፣ ካርቡሬተር ውስጥ እንደ ቫርኒሽ የሚጋገር ነገር ነው። እስቲ አስሉት፤ የእኛዋ በወር ወደ 40 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፣ ለዚያ 4 ሊትር ገደማ ይበቃታል። ታንከሯ 40 ሊትር ይይዛል። ብሞላላት ዓመት ልትጠጣው ነው ማለት ነው። ስለዚህ በበጋው ከግማሽ አላስበልጥም፤ በየሁለት ወሩ ትንሽ ትንሽ አዲስ እጨምራለሁ። በክረምት ግን ሞላ አደርጋለሁ፤ ባዶ የብረት ታንከር ውስጥ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ውኃ ያጤዛልና። «የትኛው ይሻላል?» ብላችሁ ሁለት መካኒክ ብትጠይቁ ሁለት መልስ ታገኛላችሁ። እኔ አማካዩን ይዤያለሁ።

የሞተር ዘይት በዓመት አንድ ጊዜ እቀይራለሁ። «ገና 500 ኪሎ ሜትር እኮ ነው የሄደችው» የሚል መካኒክ አጋጥሞኛል። ዘይት በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በዕድሜም ያረጃል። ደግሞ ለቮልስ 2.5 ሊትር ነው፣ ፊልትሮ እንኳ የላትም፤ የሽቦ ወንፊቷን ማጠብ ብቻ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት የሚስብ ስለሆነ እሱን በየሁለት ዓመቱ አስቀይራለሁ።

ጎማ ላይ ሰው የሚሸወደው በጥርሱ ነው። ጥርሱ ጥልቅ ከሆነ ደህና ነው ይላሉ። የማትነዳ መኪና ጥርሷ አያልቅም፤ ጎማው ግን ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ከጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ ያለበት ጽሑፍ ፈልጉ። ለምሳሌ 3219 ካለ፣ በ2019 በ32ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ልብ በሉ፤ አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው። ከአንድ ዘመዴ ጋር ስናየው «ገና ዘንድሮ የተሠራ ነው» ብሎ ሊያስቀኝ ሞክሯል። ስድስት ሰባት ዓመት ያለፈውን ጎማ በየጊዜው በደንብ አስመርምሩት፤ አሥር ዓመት የሞላውን ግን ጥርሱን ሳታዩ ለውጡት። ጎማ ሳይነካም በየወሩ ትንሽ ትንሽ ስለሚተነፍስ ንፋሱን በወር አንዴ አስለኩ። ለረጅም ጊዜ በአንድ ቦታ የቆመች መኪና ጎማዋ የተቀመጠበት በኩል ጠፍጥፎ ይቀራል፤ ስትነዷት ድግ ድግ የምትለው ለዚህ ነው። ቢያንስ ወዲያና ወዲህ ግፏት። የቮልስ ባለቤቶች መለዋወጫ ጎማውንም አትርሱ፤ የፊት መስታወቷ ውኃ የሚረጨው ከእሱ በሚመጣ ንፋስ ነው። ጀርመኖቹ ይህን ሲያስቡ ፓምፕ ላለመግዛት ይሁን ለጨዋታ እስካሁን አልገባኝም።

የእጅ ፍሬን ስባችሁ ለወራት አትተዉ። ጎረቤታችን ቪትዝ መኪናውን የእጅ ፍሬን ስቦ ለስምንት ወር ውጭ አገር ሄደ። ሲመለስ ባትሪው ሞቷል፣ ያ የሚጠበቅ ነው። ባትሪ ተውሶ ካስነሳት በኋላ ግን የኋላ ጎማዎቿ አልዞር አሉ፤ የፍሬኑ ሸራ ከታምቡሩ ጋር ተጣብቋል። ክረምቱን ሙሉ እርጥበት ሲጠጣ ነው የከረመው። ለማስለቀቅ መካኒኩ ግማሽ ቀን በመዶሻ ሲቀጠቅጥ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ሜዳ ላይ ከሆነች ማርሽ ውስጥ አስገቡና ጎማዋ ሥር ታኮ አድርጉ። እንደኛ ዳገት ላይ ያለ ግቢ ከሆነ ደግሞ ታኮው ከፊትም ከኋላም ይሁን፤ ድንጋዩም ደህና ድንጋይ ይሁን። ስትነዷት ደግሞ ከግቢ ሳትወጡ ሁለት ሦስት ጊዜ ፍሬን ያዙ። ቁልቁለት ላይ ሆናችሁ አትሞክሩት።

አይጥ የሚለውን ስጽፍ እናቴ አጠገቤ ሆና ትስቃለች። አይጦች የቆመች መኪና ይወዳሉ፤ ጨለማ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ማንም አይረብሻቸውም። ሽቦ ይቆረጥማሉ፣ ከወንበር ገለባ ይሰርቃሉ። በየእሑዱ ከማስነሳቴ በፊት የሞተሩን ክዳን ከፍቼ እመለከታለሁ፤ ከዚያ ክዳኑን ጠበቅ አድርጌ እመታለሁ፣ ድመትም ተኝታ ከሆነ እንድትወጣ። ዳቦ፣ ቆሎ፣ የልጅ ብስኩት ፍርፋሪ መኪና ውስጥ አታስቀሩ። ጥላ የሌላችሁ ደግሞ ከገበያ የምትገዙት የፕላስቲክ ሸራ ዝናብ ከልክሎ ከሥር ግን ያልባታል። አየር የሚያስገባ ጨርቅ ይሻላል፤ ከሁሉም ግን ከላይ ብቻ የተከደነ፣ ጎኑ ክፍት የሆነ ቆርቆሮ ጥላ ይበልጣል። የጽድና የባሕር ዛፍ ቅጠል ከመስታወቱ ሥርና ከበሮቿ ጥግ ጥረጉ፤ ውኃው መውጫ ሲያጣ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል፣ እናንተ የምታዩት ደግሞ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነው።

በቅርቡ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁም አልረሳኋችሁም። የእናንተዋም ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላት፤ እሱ ከሞተ በሯ እንኳ አልከፈት ሊል ይችላል። ትልቁን ባትሪ ደግሞ ለወራት ስታቆሟት ሞልታችሁም ባዶ አድርጋችሁም አትተዉት፤ ግማሽ አካባቢ ይመቸዋል።

ወረቀቱን በአጭሩ ልንካው። በወር ሁለት ቀን የምትነዳ መኪናም ቦሎዋ የታደሰ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሷ የተከፈለ መሆን አለበት። ምርመራውን የምታልፍ መኪና እንድትሆን በየዓመቱ መገደዴ ለእኔ ጠቅሞኛል፤ መብራቱንም ፍሬኑንም የምታይልኝ ሁለተኛ ዓይን ናት።

አሁን «ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ለምን አትሸጧትም?» ትሉኛላችሁ። ወንድሜም የሚለው ይህንኑ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የአሮጌ መኪና ደላሎች በራችንን ያንኳኳሉ። አንዱ ደላላ ያቀረበውን ዋጋ ለወንድሜ ስነግረው ስልኩ ላይ ትንሽ ዝም አለና፣ «እታለም፣ ሽጧትና ገንዘቡ ለእማዬ ጉልበት ሕክምና ይሁን» አለኝ። የተናገረው ትክክል ነው። የእናቴ ጉልበት ከዓመት ወደ ዓመት እየባሰበት ነው፤ ሕክምናው ርካሽ አይደለም። እናቴን ጠየቅናት። ቡና እያፈላች ነበር። «ስትፈልጉ ሽጧት፤ የእናንተ ናት። እኔ እያየሁ ግን አትበስብስ» አለች፣ ቀና ሳትል።

ያችን መልስ ብዙ ጊዜ አሰላስላታለሁ። የፈራችው መሸጧን አልነበረም። በየሰፈሩ አይታችኋል፤ ጎማዋ የተነፈሰ፣ ሣር በሥሯ የበቀለ፣ ዶሮ የሚያድርባት መኪና። ባለቤቶቿ «ማስታወሻ ናት» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በቤታችሁ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ሰዓት የሚሰጣት አንድ ሰው፣ ስሙ የሚታወቅ አንድ ሰው ከሌለ፣ ዛሬ በእግሯ ቆማ ሳለች ሽጧት። «ሁላችንም እናያታለን» ማለት ማንም አያያትም ማለት ነው። የምትነሳ መኪና ገዢዋ ይነዳታል፤ የማትነሳን መኪና ግን ደላላው በኪሎ ነው የሚመዝናት።

ከወንድሜ ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው። እናቴ እግሯን አጥፋ መኪናዋ ውስጥ መግባት እስከቻለች ድረስ ቮልሷ ትቆያለች። መግባት ያቃታት ዕለት ትሸጣለች። ለጉልበቷ ሕክምና ወንድሜ የሚችለውን ይልካል፣ እኔም ከደመወዜ እጨምራለሁ። ባለፈው ወር ወንበሩን ወደ ኋላ ጨርሼ ገፋሁላት። መጀመሪያ ትቀመጣለች፣ ከዚያ ሁለቱን እግሯን አንድ ላይ ታዞራለች። ሐኪሟ ነው ያስተማራት። እስካሁን ይሠራል።

ለዘንድሮ ደብተሩ ላይ ያልተሰረዘ አንድ ሥራ ቀርቷል፤ የቤንዚን ቱቦው። የቮልስ ታንከር ከፊት ነው፣ ሞተሯ ከኋላ። ሞተሩ ጋ ቤንዚን የሚያስተላልፉት አጫጭር የጎማ ቱቦዎች ቆመው ሲከርሙ ይደርቁና ይሰነጠቃሉ፤ የሚያንጠባጥቡትም በጋለ ሞተር ላይ ነው። ብዙ ቮልስ የተቃጠለችው በዚህ ነው። ባለፈው እሑድ በጣቴ ጠምዘዝ ሳደርገው ከፋሼታው አጠገብ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አየሁ፤ ገና አላንጠባጠበም። ወንድሜ ለነሐሴ ሊመጣ ነው፤ «የእኔም እጅ ይኑርባት፣ እሱን ለእኔ ተዪልኝ» ብሏል። የዘይቱን ቅያሪ ትቼለታለሁ። የንፋሱንም፣ የማጠቡንም። ቱቦውን ግን አልጠብቀውም፤ ለፊታችን ቅዳሜ መካኒኩን ቀጥሬዋለሁ፣ እስከዚያም ባትሪዋ ተፈትቶ ይቆያል።